በወረቀት ላይ አራት ሰዓት ተኩል

ፀጋው አወቀ እንጅባራ ከተማ ውስጥ ሃያ ዓመት ኖሯል፤ አሥራ ስምንቱን ዓመት በቢሮ ወንበር ላይ። ተወልዶ ያደገው ዳንግላ ነው። አባቱ ጋሪ ነጂ ስለነበሩ ገና ከልጅነቱ በሌላ ፍጡር እግር መሄድን ለምዷል፤ ትልቅ ሰው ከሆነም ወዲህ ልማዱን አልተወም፤ ፈረሱን በባጃጅ ተካው እንጂ። የሚሠራበትን መሥሪያ ቤት ስም መጥራት አያስፈልግም። በየከተማው አንድ አለ፤ በሩ ላይ የፏፏቴ ሥዕል ተለጥፎበታል። የሥራ መደቡ መጠሪያ ረጅም ነው፤ ባጭሩ ግን የአገሩን ውብ ውብ ቦታዎች ለእንግዳ ማስተዋወቅ ነው። ፀጋው ይህን ሥራ ከቦታዎቹ ጋር ራሱ ሳይተዋወቅ በሚገባ ይሠራው ነበር።

አገውኛ አይሰማም። ከገጠር የሚመጣው ባለጉዳይ ግማሹ በአገውኛ እያሰበ በአማርኛ ሲናገር፣ ፀጋው በአማርኛ እያሰበ በሪፖርት ቋንቋ ይመልስለታል። ሁለቱም ሳይግባቡ ተመሰጋግነው ይለያያሉ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ይህ ሊሰመርበት ይገባል። በዚህ አገር ብዙ ጥፋት የሚሠራው ክፉ ባልሆኑ፣ ሸሚዛቸው በተተኮሰ ሰዎች እጅ ነው።

በ2010 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ ይህ ሰው አንድ ወረቀት አሳተመ። ሦስት ላይ የሚታጠፍ፣ የሚያብረቀርቅ ወረቀት ነው። «በደጋው ጉም ውስጥ የአንድ ቀን የእግር ጉዞ» ይላል። ከእንጅባራ ዳር ተነስቶ፣ ተራራውን አልፎ፣ ፏፏቴውን አይቶ፣ ወንዙን በድልድይ ተሻግሮ ግምጃ ቤት ከተማ የሚያደርስ መንገድ ነው። እስከ ፏፏቴው ሁለት ሰዓት፣ ከፏፏቴው እስከ ድልድዩ አንድ ሰዓት፣ ከድልድዩ እስከ ግምጃ ቤት አንድ ሰዓት ተኩል፤ ሲደመር አራት ሰዓት ተኩል። «ለሕፃናትም ለአረጋውያንም ምቹ» የሚል አለበት። ከሥሩ በደማቁ «ጥናትና ዝግጅት፦ ፀጋው አወቀ» ተብሎ ተጽፏል።

ጥናቱ የተካሄደው ጥር ላይ በግምጃ ቤት ገበያ፣ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ነው። ሀብቱ የሚባል የዚያ አገር ገበሬ ገብሱን ሸጦ ወደ ቤቱ ሊመለስ ሲል ፀጋው ያዘውና መንገዱን ጠየቀው። ሀብቱ የጠያቂውን ሆድ አየ፤ ጫማውን አየ፤ አዘነለት። ፏፏቴው እዚች ናት አለው። ድልድዩስ ቢለው እሱማ ደረስክ አለው። ፀጋው «እዚች»ን በሁለት ሰዓት፣ «ደረስክ»ን በአንድ ሰዓት ተርጉሞ ጻፈ። ለመስክ ሥራ የተፈቀዱለትን አራት ቀናት ዳንግላ፣ እናቱ ቤት እየበላና እየተኛ ጨረሳቸው። ወረቀቱ ወጣ፤ ሪፖርቱ ወደ ላይ ተላከ፤ በስብሰባ ላይ ተጨበጨበለት። እስከዚህ ድረስ ማንም አልተጎዳም። ወይም ለፀጋው እንደዚያ ይመስለው ነበር።

ጣጣው ከገዛ ቤቱ መጣ። ልጁ እመቤት አሥረኛ ክፍል ናት፤ አባቷንም ታምናለች። በአሥራ ስድስት ዓመት ዕድሜ አባቱን የሚያምን ልጅ እንደ በጋ ዝናብ ብርቅ ነው፤ ፀጋው ግን ይህን ብርቅ ነገር እንደ ደመወዙ በየወሩ የሚገባው አድርጎ ይቆጥረው ነበር። በዓመቱ፣ በ2011 ግንቦት፣ የትምህርት ቤቷ የአካባቢ ክበብ የመዝጊያ ጉዞውን የት እናድርገው ሲል እመቤት ወረቀቱን አውጥታ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችው። አባቴ በእግሩ ሄዶ ያጠናው ነው አለች። ሠላሳ አራት ተማሪ ተመዘገበ፤ ቀኑ የወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ ሆነ።

ቅዳሜው አራት ቀን ሲቀረው፣ ማክሰኞ ዕለት፣ የክበቡ ኃላፊ መምህርት ምሥራቅ ለፀጋው ስልክ ደወለች። ሳምንቱን ሙሉ ዘንቧል፤ ልጆቹ የሰው ልጆች ናቸው፤ ስለዚህ አንድ ነገር ልጠይቅዎት አለችው።

«ጋሽ ፀጋው፣ ድልድዩ ለልጆቹ አያሰጋም?»

ፀጋው ድልድዩ የብረት ይሁን የእንጨት አያውቅም። «ኧረ እሱ ምንም አይልሽ» አላት። ስልኩን ዘጋ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ እህል አልወርድ አለው።

አንድ ቃል ትበቃው ነበር፤ «አልሄድኩበትም» የምትል። ከአፍ ለማውጣት ጭቃ መርገጥ አያስፈልጋትም፤ ተራራም አትወጣም። ፀጋው ግን ከቃሏ ይልቅ ተራራው ቀለለው። ሐሙስ ዕለት ብቻውን መንገዱን ሄዶ ወረቀቱ እውነት መሆኑን ሊያረጋግጥ ቆረጠ። እውነት ከሆነ ለማንም ምንም ሳይናገር ዝም ሊል፤ እውነት ካልሆነ ደግሞ፣ እሱን ያኔ እናያለን ሊል። ሰው አጥንቶ ይጽፋል፤ እሱ ጽፎ፣ አሳትሞ፣ አስጨብጭቦ በዓመቱ ሊያጠና ተነሳ።

ሚስቱ ሙሉነሽን ዳንግላ ስብሰባ አለብኝ አላት። ውሸት ደግሞ የራሱ ደንብ ልብስ አለው። ሙሉነሽ ሸሚዙን ተኮሰችለት፤ ጥቁሩን ጫማ ጠርጋ አቀረበችለት። ለስብሰባ የሚሄድ ሰው ቦት ጫማ አያደርግም፤ ስለዚህ ፀጋው በኮት፣ በክራቫትና ሶሉ እንደ ሳሙና በሚያንሸራትት ጫማ ተሸልሞ ተራራ ሊወጣ ከቤቱ ወጣ።

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ባጃጁ ከከተማው ዳር አወረደው። ካፊያ ነበር። የእንጅባራ ካፊያ ዝናብ አይባልም፤ ማንም ጃንጥላ አይዘረጋለትም፤ ግን በአንድ ሰዓት ውስጥ እስከ አጥንት ያረጥባል። መንገዱ በዲከረንስ ዛፎች መሐል ይገባል። ገበሬው ለከሰል ያቆማቸው ዛፎች ቀጥ ቀጥ ብለው፣ አንዱ ከሌላው ሳይለይ፣ በጉም ውስጥ ተሰልፈዋል። እዚህም እዚያም አፈር የለበሰ የከሰል ክምር አለ፤ ጭሱ ሽቅብ መውጣት አቅቶት መሬት ለመሬት ይሳባል። ፀጋው ሳል ጀመረው። ወረቀቱ ላይ ይህን ቦታ «ንጹሕ አየር የሚሳብበት» ብሎታል።

ከዛፎቹ ሲወጣ ዓለም አለቀች። ከፊቱ አሥር እርምጃ ያህል መሬት ይታየዋል፤ ከዚያ ወዲያ ነጭ ነው። በግራ የገብስ ማሳ፣ በቀኝ የቀርከሃ አጥር፤ የቀረውን እግዜር ይወቀው። መንገዱ ሦስት ቦታ ይከፈላል፤ ወረቀቱ አንድ ነው ይላል። ፀጋው መጀመሪያ ወደ ግራው ገብቶ የአንድ ሰው ጓሮ አገኘ። ውሻ አባረረው። ተመልሶ መሐለኛውን ያዘ። ጭቃው ጫማውን ይዞ አልለቅም ይለዋል፤ አንዱን ሲነቅል ሌላው ይሰምጣል።

ሁለት ሰዓት ከሄደ በኋላ ድንች ተሸክመው ወደ ገበያ የሚወርዱ ሦስት ሴቶች አገኘ። በወረቀቱ ሒሳብ አሁን ፏፏቴው ሥር መቆም ነበረበት። ሩቅ ነው ወይ ብሎ ጠየቃቸው። ሴቶቹ ክራቫቱን አዩ፤ እስከ ጉልበቱ የለበሰውን ጭቃ አዩ፤ እርስ በርስም ተያዩ። ኧረ እዚች ናት አሉት። አልፈውት በአገውኛ ተሳሳቁ፤ ከጉሙ ውስጥ አንደኛዋ ዞር ብላ ጮክ አለች።

«ጋሼ፣ ስብሰባው ወደዚህ ዞረ እንዴ?»

ሳቃቸው ከዓይን ከተሰወሩም በኋላ ይሰማው ነበር።

ከዚያ በቅሎ የሚነዳ ሰው አገኘ፤ ደረሱ አለው። ከግማሽ ሰዓት በኋላ አንድ ቄስ አገኘ፤ ደርሰሃል ልጄ፣ በርታ አሉት። እንጨት የተሸከመች ሴት አገኘ፤ ያቺውና አለችው በእጇ ወደ ነጩ ጉም እያመለከተች። ፀጋው በዚያ ጠዋት አራት ጊዜ ደረሰ፤ አንዴም ግን አልደረሰም። ነፋሱ ከቤት ይዞት የወጣውን ጃንጥላ ገልብጦ ሽቦዎቹን ሰበረበት። የቀረውን እንደ ምርኩዝ ሊጠቀምበት ሞከረ፤ ጃንጥላ ምርኩዝ እንዳልሆነም አንድ ቁልቁለት ላይ በቂጡ ተንሸራቶ ተማረ።

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ፏፏቴውን ሰማው። አላየውም፤ ሰማው። ከጉሙ ውስጥ እንደ ወፍጮ ቤት ያለ ጉምጉምታ ይመጣል፤ ሌላ ምንም የለም። ለሁለት ሰዓቱ መንገድ አራት ሰዓት ተኩል ወስዶበታል፤ ይኸውም ራሱ ጉዞው ሁሉ ይፈጃል ብሎ የጻፈው ጊዜ ነው። ሰዓቱን አይቶ እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ኮቱ ከብዶታል። ሠላሳ አራት ልጆች በዚህ ጭቃ ሲመጡ ታሰቡት፤ ልጁ ከፊት ከፊት ስትመራም ታየችው። ግድ የለም፣ ልጆች ቀልጣፋ ናቸው፣ ሲዘገዩ ይዘገዩ አለ ለራሱ። ድልድዩ ካለ ሌላው ሁሉ ድካም ብቻ ነው። ድካም አይገድልም። ዋናው ድልድዩ ነው።

ሰባት ሰዓት ላይ ወንዙ ጋ ደረሰ። ድልድይ የለም።

ወዲህ ማዶ በድንጋይ የተካበ መደብ አለ፤ ወዲያ ማዶም እንደዚያው ያለ መደብ አለ። በሁለቱ መሐል ባዶ አየርና እንደ ጠላ የደፈረሰ ውሃ። መሳሳቴ ነው ብሎ ወደ ላይ ሄደ፤ የለም። ወደ ታች ወረደ፤ የለም። ተመልሶ መደቡ ላይ ቆመና የተጣጠፈውን ወረቀት ከኪሱ አውጥቶ አነበበ። «ድልድዩን ተሻግረው ሲያበቁ ነፋሻማውን ሜዳ እያደነቁ ያዘግማሉ» ይላል። ራሱ የጻፈውን ወረቀት ወንዙ እንዲሰማው ይመስል ሁለት ጊዜ አነበበው።

ይኼኔ አስተዋይ ሰው ይመለሳል። ፀጋው ግን ሒሳብ ያሰላ ጀመር። እኔ ከተሻገርኩ ልጆቹም ይሻገራሉ። ከተመለስኩ ግን ያቺን ቃል መናገሬ ነው። ቃሏን ከመናገር ውሃው ተሻለው። ጫማውን እንኳ አላወለቀም፤ አሥራ ስምንት ዓመት ስብሰባ የተቀመጠ ሰው ጫማ ማውለቅ አይሆንለትም። የመጀመሪያው እርምጃ እስከ ጉልበቱ፣ ሁለተኛው እስከ ጭኑ አሰመጠው። ሦስተኛው ላይ ሶሉ ድንጋዩን ሳተ፤ ቀኝ እግሩ ከሁለት ቋጥኝ መሐል ተቀረቀረ፤ ውሃው ከጀርባው ገፍትሮ በደረቱ አስተኛው። አንዲት የዛፍ ሥር ያዘ። ጮኸ። ምን ብሎ እንደጮኸ አያስታውስም፤ የሪፖርት ቋንቋ ግን አልነበረም።

ከዳር ለጥጃዋ ሣር ስታጭድ የነበረች ሴት ሰማችው። ደብሪቱ ትባላለች፤ ስድሳ ዓመት ያለፋት፣ ባሏ የሞተባት፣ ቤቷ ከወንዙ ሽቅብ ያለ ሴት ናት። አልተንጫጫችም። ሣሩን ልታስርበት የያዘችውን ጠፍር ግራር ላይ አዙራ ጫፉን ወረወረችለት።

«በጣትህ አትያዘው፤ ክንድህ ላይ ጠምጥመው» አለችው። «እግርህን ከጫማው አውጣ። ጫማው ይቅር።»

ጫማው ቀረ። ፀጋው እንደ ረጠበ ጆንያ ወደ ዳር ተጎተተ፤ አፈር ላይ ተደፍቶ ሲያስመልሰው ደብሪቱ ጠፍሯን መልሳ ጠቀለለች። ከዚያ ሽቅብ ይዛው ሄደች።

እሳት ዳር አስቀምጣ ጋቢ ደረበችበት። አረቄ ሰጠችው፤ የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ አቀረበችለት። አማርኛዋ አገውኛ አገውኛ ይሸታል፤ ምላሷ ግን በሁለቱም የተሳለ ነው። በዚህ ወራት እዚህ ወንዝ የሚገባ ወይ የቸኮለ ሙሽራ ነው ወይ ሌባ፤ አንተ የትኛው ነህ አለችው። ፀጋው ጥርሱ እየተንገጫገጨ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ አላት። ደብሪቱ ትንሽ አሰበችና፣ እንግዲያው ሦስተኛም አለ ለካ አለች።

ድልድዩ የት ሄደ ብሎ ጠየቃት። ይህ የመጀመሪያው የጥናት ጥያቄው ነበር።

ደብሪቱ ነገሩን እንደ ሞኝ ጥያቄ ቆጥራ መለሰችለት። ድልድዩ ማለት ሦስት የባሕር ዛፍ ግንድ ነው። ልደታ ባለፈ በሳምንቱ፣ ወንዙ ሳይሞላ፣ የሁለቱ ማዶ ሰው ወጥቶ ግንዶቹን ያነሳል፤ ካልተነሱ ጎርፉ ይወስዳቸዋል። ቤተ ክርስቲያኑ ዐጸድ ውስጥ ክረምቱን ይከርማሉ፤ ለመስቀል ተመልሰው ይዘረጋሉ። ከአያቶቿ ጀምሮ እንደዚህ ነው። እስከዚያ ግምጃ ቤት የሚሄድ ሰው በላይኛው መንገድ፣ ወንዙ ሳይሰፋ ከምንጩ በላይ ዞሮ ይሄዳል። ይህን ለማወቅ አንድ የክረምት ቀን መምጣት ይበቃል። ፀጋው ግን የጠየቀው በጥር ነው፤ በጥር ድልድይ አለ፤ ሰማይም ሰማያዊ ነው፤ ሰውም ሥራ ፈትቶ ያወራል።

«አንተ ብቻ አይደለህም» አለችው ደብሪቱ። አምና ሐምሌ ላይ ከባሕር ዳር ሁለት ልጆች መጥተው ነበር፤ አንድ ወንድ፣ አንዲት ሴት። ከኋላ ደርሳ አትግቡ ብላቸዋለች። ልጅቷ ወረቀት ይዛለች። ወንዙን በዓይኗ እያየች ወረቀቱን ታምን ነበር፤ ድልድይ አለ ይላል እያለች። ገባች። ውሃው ወስዶ ከቋጥኙ ጋር አጋጫት፤ እግሯ ከጉልበቷ በታች ሁለት ቦታ ተሰበረ። አሥራ ሁለት ወንድ ተፈራርቆ በቃሬዛ በላይኛው መንገድ ግምጃ ቤት አደረሳት። ቀኑን ሙሉ ነው የፈጀው፤ ጩኸቷም ቀኑን ሙሉ።

ተነስታ ከግድግዳው ቀርከሃ መሐል የተሰካ ነገር አወጣች። ሦስት ላይ የታጠፈ፣ ጭስ ያጠቆረው፣ አሁንም ትንሽ ትንሽ የሚያብረቀርቅ ወረቀት። ልጅቷ ጥላው የሄደችው ነው። ደብሪቱ ማንበብ አትችልም፤ ቄሱን ልታስነብብ ስትል ስትረሳ ዓመት ሆናት። ሰጠችው።

«አንተ የተማርክ ነህ። ምን እንደሚል አንብብልኝ።»

ፀጋው አነበበ። ድምፁ ቤቱ ውስጥ እንግዳ ሆኖ ተሰማው። «ለሕፃናትም ለአረጋውያንም ምቹ» የሚለው ላይ ሲደርስ ደብሪቱ በአገውኛ አንድ ነገር አለች፤ ትርጉም አላስፈለገውም። «ድልድዩን ተሻግረው» የሚለውን አነበበ። የመጨረሻውን መስመር፣ ስሙ ያለበትን፣ ዘለለው።

«የጻፈው ማን ነው?» አለችው።

«አይታወቅም።»

«ወንዝ አይቶ አያውቅም እንዴ?»

«ከተሜ ይሆናል።»

«ከተሜም ውሃ ይጠጣል» አለች ደብሪቱ።

ዝም ቢል ጥሩ ነበር። ነገር ግን በደለኛን ሰው ዝምታ ይበላዋል፤ ተከላካይ ጠበቃው ሳይጠራ ይነሳል። ፀጋው እሳቱን እያየ፣ «ሀብቱ ግን ከፏፏቴው እስከ ድልድዩ አንድ ሰዓት ነው አለኝ እኮ» አለ።

 ሀብቱ የደብሪቱ የሟች ባሏ ወንድም ነው፤ ፀጋው ይህን ሊያውቅ አይችልም። ደብሪቱ ለረጅም ጊዜ ፊቱን አየችው። ከዚያ በቁጣ ሳይሆን፣ ለልጅ እንደሚነገር አድርጋ፣ ቀስ ብላ ነገረችው።

«ሀብቱ ሰዓት የለውም፤ አንድ ሰዓት ሊልህ አይችልም። ቅርብ ነው ብሎህ ይሆናል። እኛ ለመንገደኛ ሩቅ ነው አንልም፤ ጉልበቱን መስበር ነው፤ ነውር ነው። ቅርብ ነው ማለት በርታ ማለት ነው። ይህን የማያውቅ የሰው ልጅ አለ?»

ወረቀቱን ካስቀመጠበት አንስታ አጠፈችው። በእጁ አስያዘችው።

«እንካ። ያንተ ነው።»

ሌላ አልጨመረችም። የልጇን አሮጌ ኮንጎ ጫማ ሰጠችው፤ ላይኛው መንገድ የሚጀምርበት ድረስ ሸኘችው። ግምጃ ቤት ስንት ያስኬዳል ብሎ ሲጠይቃት ወደ ሰማዩ አየች።

«ሩቅ ነው» አለችው። «እንዳይመሽብህ።»

በዚያን ቀን ከሰው አፍ የሰማው የመጀመሪያው ትክክለኛ ርቀት ይህ ነበር።

ላይኛው መንገድ ሦስት ሰዓት ተኩል ፈጀበት። ካፊያው ወደ ዝናብ ተለወጠ። ኮንጎው ጠቦት ተረከዙን ልጦታል፤ ክራቫቱን የት እንደጣለው አያውቅም። የሚረግጠው መንገድ ያቺ ልጅ በቃሬዛ የተወሰደችበት ነው። በየዳገቱ አሥራ ሁለቱ ሰዎች እዚህ አርፈው ይሆን እያለ ያስባል። ቀና ሲል ደግሞ እመቤትን ያያታል፤ መደቡ ላይ ቆማ፣ ከኋላዋ ሠላሳ ሦስት ልጅ ተሰልፎ፣ ወረቀቱን በእጇ ይዛ። መጀመሪያ የምትገባው እሷ ናት። የጻፈው አባቷ ነዋ።

ግምጃ ቤት አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ገባ። ስልኩ ውሃ ጠጥቶ ሞቷል። በመጨረሻው ሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይ ተወሽቆ፣ ሰው ከእርጥበቱ እየሸሸው፣ ለምሥራቅ የሚናገረውን ማርቀቅ ጀመረ። «ድልድዩ ለጥገና ተነስቷል።» ይህ ጥሩ ነው፤ ማንንም አይነካም። «ከወቅቱ የአየር ጠባይ አኳያ ጉዞው ወደ ሌላ ጊዜ ቢሸጋገር ይመረጣል።» ይህ ደግሞ እንዲያውም አርቆ አሳቢ ያስመስላል። አንድ ሰው በአንድ ቀን ውስጥ ከሞት ተርፎ፣ ባዶ እግሩን ቀርቶ፣ ያልተማረች ሴት ልኩን ነግራው፣ አሁንም ከነክብሩ የሚወጣበትን ቀዳዳ ይፈልጋል። ቢሮክራት ውሃ ቢያሰጥሙት ይሞታል እንጂ አይታጠብም።

ወደ ቤቱ አልሄደም። በቀጥታ ምሥራቅ ወደተከራየችው ቤት ሄደ። በሩ ክፍት ነበር፤ ውስጥ አምስት ስድስት ተማሪ ወለሉ ላይ ተቀምጦ ለቅዳሜ ዕቃ ይከፋፈላል። እመቤት የስም ዝርዝሩን ይዛ መሐል ላይ ተቀምጣለች። አባቷን ስታይ በድንጋጤ ተነሳች። ልጆቹ ኮንጎውን አይተው ሊስቁ ሲሉ ፊቱን አይተው ተዉት።

ፀጋው ያረቀቀውን ተናገረ። ድልድዩ ለጥገና ተነስቷል፣ እኔም በላይኛው መንገድ ዞሬ መጣሁ አለ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ይሻላል አለ። ምሥራቅ እፎይ አለች፤ ቀድመው ሄደው ስላዩልን እግዜር ይስጥልን አለችው። ከዚያም እንዲህ አለች፦

«ግን ላይኛ መንገድ አለ አይደል? እርስዎ አብረውን ይምጡና በዚያ ዞረን እንሄዳለን። ልጆቹ ወሩን ሙሉ ሲጠብቁት የከረሙት ነገር ነው።»

«አባዬ ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሚሄደው» አለች እመቤት። ለጓደኞቿ ነው የተናገረችው፤ በኩራት።

ያ ጉም፣ ያ ጭቃ፣ ሦስት ቦታ የሚከፈለው መንገድ፣ አሥር ሰዓት የሚፈጅ ዙሪያ፤ ሠላሳ አራት ልጅ። ግማሽ ውሸት ግማሽ መንገድ ድረስ ብቻ ይወስዳል። ፀጋው ወንበር ፈለገ፤ ወንበር አልነበረም።

«እኔ ያንን መንገድ ከዛሬ በፊት ሄጄበት አላውቅም» አለ።

በሩን ተደገፈ።

«ወረቀቱን የጻፍኩት ሰው ጠይቄ ነው። ድልድዩ በክረምት አይኖርም፤ ኖሮም አያውቅም። ዛሬ ልሻገር ብዬ ውሃው ወስዶኝ ነበር። ባለፈው ሐምሌ አንዲት የባሕር ዳር ልጅ ወረቀቱን አምና ገብታ እግሯ ተሰብሯል።»

ምሥራቅ አንገቷን ደፋች። ትቆጣለች ብሎ ጠብቆ ነበር፤ ቁጣ ቢሆን ይመልስለት ነበር፤ ለቁጣ የተዘጋጀ ቃል አለው። እመቤት ግን አልተቆጣችም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው።

«እግሯ ዳነ?»

ፀጋው ደብሪቱን አልጠየቀም። እሳቱ ዳር አንድ ሰዓት ሲቀመጥ፣ አረቄ ሲጠጣ፣ ጠበቃ ሲሆን፣ ይህን አልጠየቀም። ላይኛውን መንገድ ሦስት ሰዓት ተኩል ሲሄድም የልጅቱ እግር እንደ ጥያቄ አልመጣበትም።

«አላውቅም» አለ።

እመቤት ተቀመጠች። ዝርዝሩን ጉልበቷ ላይ አድርጋ የምሥራቅን ስልክ ለመነች። ልጆቹ ብዙዎቹ የራሳቸው ስልክ የላቸውም፤ የወላጆቻቸው ቁጥር ነው የተጻፈው። ከመጀመሪያው ስም ጀመረች። ምሥራቅ አንቺ ተይው፣ እኔ ነገ ትምህርት ቤት እነግራቸዋለሁ ብትላትም አልሰማቻትም።

ጉዞው ቀርቷል አለች በስልኩ። ምክንያቱን ጠየቋት። ፀጋው በሩን ተደግፎ ቆሟል፤ ውሃው ከሱሪው ላይ ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል። ዝናብ ነው ትላለች ብሎ ጠበቀ። ቢያንስ ለሰው ዝናብ ነው ትል ይሆናል ብሎ ጠበቀ።

«አባቴ መንገዱን ሳይሄድበት ነው የጻፈው» አለች። «አዎ። አሁን ራሱ ነገረን።»

ሁለተኛውን ደወለች፤ ያንኑ አለች፤ በዚያው ድምፅ። ሦስተኛውንም። አንድ እናት በአማርኛ አልገባቸውም መሰል፣ እመቤት በተሰባበረ አገውኛ ደገመችላቸው። ልጁ ያንን ቋንቋ ትንሽ ትንሽ እንደምትችል ፀጋው አያውቅም ነበር። ሰባተኛውን እንደጨረሰች ኔትወርክ ሄደ። እመቤት ስልኩን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ወደ አባቷ ሳታይ፣ እስኪመለስ ጠበቀች። ከራሷ ሌላ ሃያ ስድስት ስም ይቀራታል። ፀጋውም ከበሩ አልተነቃነቀም።